የጋራ ጓሮ በጥር ውሃ ይለካል

የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ጀሞ፤ በአዲስ አበባ በኮንዶሚኒየም ብሎኮች መካከል ክፍት ቦታ የቀረበት ሰፈር ሁሉ ጎረቤት ተሰባስቦ አትክልት ሊያለማበት ይችላል። ሥራው ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ሰኔ ላይ ነው። ዝናቡ ጥሏል፣ አፈሩ ለዶማ ይመቻል፣ ሰዉም ጓጉቷል። እስከ መስከረም ሁሉም ያምራል። ጥቅምት ላይ ዝናቡ ያቆማል፤ ኅዳር ላይ የሚያጠጣው ሰው እየሳሳ ይሄዳል፤ ጥር ላይ ግማሹ መደብ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ቀሪውን የሚያጠጡት ሦስት አራት ሰዎችም ተማረው «ሌላው የት ሄደ?» ማለት ጀምረዋል። ጓሮው የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። ተባይና የአፈር ድካም ጉዳት ያደርሳሉ እንጂ እንዲህ ሰው አይበትኑም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። የክረምቱ አራት ወር ውሃውን በነፃ ስለሚሰጥ ጓሮው ከአቅም በላይ ሰፍቶ መጀመሩ አይታወቅም። ስለዚህ የመደቡ ስፋት፣ የአባላቱ ቁጥር፣ የሚተከለው ዓይነት፣ የመተዳደሪያ ደንቡም ጭምር መወሰን ያለበት ጥር ላይ በሚገኘው ውሃና ጉልበት ነው። ክረምት ላይ የሚገኘው ትርፍ ተጨማሪ ነው፤ ዕቅድ ግን አይቆምበትም።

የውሃው ሒሳብ

ከአቃቂ ሜዳ እስከ እንጦጦ ግርጌ ባለው ከፍታ፣ አትክልት የለበሰ አንድ ካሬ ሜትር መደብ በበጋ በቀን 4 ሊትር ገደማ ውሃ ይፈልጋል። የካቲትና መጋቢት ላይ ፀሐዩና ነፋሱ ሲበረታ ወደ 5 ሊትር ይጠጋል። 100 ካሬ ሜትር መደብ እንግዲህ በቀን ከ400 እስከ 500 ሊትር ይጠጣል፤ በባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከ20 እስከ 25 ጀሪካን መሆኑ ነው። በወር ቢያንስ 12 ሜትር ኪዩብ ይደርሳል።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ወሳኙ ነገር ማጠራቀሚያው ነው። ሮቶው የሚይዘውን ሊትር ውሃው ጠፍቶ በሚቆይበት ቀን አካፍሉት፤ የወጣውን እንደገና ለ4 አካፍሉት። የምታገኙት ቁጥር በበጋ ልታቆዩት የምትችሉት የመደብ ስፋት ነው፣ በካሬ ሜትር። ለምሳሌ 2,000 ሊትር ሮቶ ካላችሁና ውሃ በ4 ቀን አንዴ የሚመጣ ከሆነ 125 ካሬ ሜትር ይወጣል። ፈረቃ ግን ይዘገያል፤ አንድ ቀን ጨምራችሁ ለ5 ብታካፍሉት 100 ካሬ ሜትር ይሆናል። በ100ው ጀምሩ። መተላለፊያው፣ የኮምፖስቱ ቦታ፣ ችግኝ ማፍያውና የሮቶው መቀመጫ ከጠቅላላው 40 በመቶ ገደማ ስለሚወስዱ ለ100 ካሬ መደብ 170 ካሬ ገደማ ቦታ ይበቃል። 500 ካሬ ክፍት ቦታ ቢኖራችሁ እንኳ ቀሪውን አትቆፍሩት። ተቆፍሮ ውሃ ያጣ መሬት የቅንጨ አረም ቤት ይሆናል፤ ቅንጨ አረም ደግሞ አንዴ ዘሩን ካራገፈ ለዓመታት ያስለቅሳል።

የጣሪያ ውሃ በጋውን ያሻግራል ብሎ ማሰብ የተለመደ ስህተት ነው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሊትር ነው። 20 ሚሊ ሜትር የጣለበት የሐምሌ ቀን ከ100 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ 2,000 ሊትር ያወርዳል፤ ከሚረጨውና ከሚባክነው በኋላ 1,600 ገደማ ይቀራል። ብዙ ይመስላል፤ ነገር ግን የሚመጣው በማትፈልጉት ወር ነው። 5,000 ሊትር ሮቶ መስከረም ላይ ሞልታችሁ ብትዘጉት 100 ካሬ ሜትር መደብን የሚያቆየው 12 ቀን ብቻ ነው። የጣሪያ ውሃ እውነተኛ ጥቅሙ በበልግ ነው። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ አንድ ቀን ጥሎ ሳምንት የሚጠፋውን ዝናብ እያጠራቀሙ ክፍተቱን ለመሙላት ይረዳል።

ከብሎኩ የጋራ ቆጣሪ መቅዳትም ጣጣ አለው። የከተማው የውሃ ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር በሜትር ኪዩብ የሚከፈለው ዋጋ ከፍ የሚል ነው። የጓሮው ፍጆታ የብሎኩን ሒሳብ ወደ ላይኛው እርከን ከገፋው ጎመን ተክሎ የማያውቀውም ጎረቤት ጭምር ይከፍላል ማለት ነው። ለጓሮው መስመር ብቻ ንዑስ ቆጣሪ አስገቡለት፤ ንባቡንም ወር በገባ በ1ኛው ቀን መዝግቡ። ይህን ያላደረገ ጓሮ ከብሎኩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ጋር መጣላቱ አይቀርም።

ውሃን ለመቆጠብ ትልቁ ዘዴ ጉዝጓዝ ነው። የጤፍ ጭድ ወይም ድርቆሽ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ውፍረት በችግኞቹ መካከል ይነጠፋል፤ ግንዱን ግን እንዳይነካ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ይርቃል፣ ካልሆነ አንገቱን ያበሰብሰዋል። ሥር የያዘ ተክልን በየቀኑ 4 ሊትር ከማርከፍከፍ በየሁለት ቀኑ 8 ሊትር ማጠጣት ይሻላል። በየቀኑ ላዩን ብቻ የሚርስ መደብ ሥሩ ወደ ላይ እንዲቀር ያደርገዋል፤ አንድ ተረኛ የቀረ ዕለት ሁሉም ይጠወልጋል። አዲስ ችግኝና ያልበቀለ ዘር ብቻ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይፈልጋሉ። ማጠጫው ሰዓት ማለዳ ነው። ጣት እስከ ሁለተኛው አንጓ ሲገባ አፈሩ እርጥብ ከሆነ ያን ቀን አታጠጡ።

ጠብታ መስኖ መዘርጋት ከፈለጋችሁ ሮቶው ከፍ ማለት አለበት። ውሃ 1 ሜትር ከፍ ባለ ቁጥር የሚያገኘው ግፊት 0.1 ባር ብቻ ነው፤ መሬት ላይ የተቀመጠ ሮቶ እየጎደለ ሲሄድ መጨረሻ ያለው መደብ ምንም አይደርሰውም። ከ1 እስከ 1.5 ሜትር የሚሆን ቆጥ ይበቃል። ግን 1,000 ሊትር ውሃ 1,000 ኪሎ ግራም መሆኑን አትርሱ፤ ቆጡ የባሕር ዛፍ አጣና ሳይሆን የድንጋይ ግንብ ወይም የብረት ይሁን። ወንፊቱ በየሳምንቱ ካልታጠበ ቀዳዳዎቹ በወር ውስጥ ይደፈናሉ።

ወንዙ ቅርብ ቢሆንም

ውሃ ሲጠፋ ዓይን ወደ ወንዝ ይሄዳል። አቃቂና ገባሮቹ ከተማውን አቋርጠው ሲወርዱ የቤት ፍሳሽና የፋብሪካ ዝቃጭ ይቀበላሉ፤ በዚህ ውሃ ከለማ አትክልት ላይ እንደ ክሮሚየም፣ ካድሚየምና እርሳስ ያሉ ከባድ ብረቶች በተደጋጋሚ በምርምር ተገኝተዋል። ሁለት የተለያዩ አደጋዎች አሉ፤ ሰዎች ሁለቱን እንደ አንድ ስለሚያዩአቸው ነው የሚሳሳቱት። የመጀመሪያው ጀርምና የወስፋት እንቁላል ነው። ይህ ቅጠሉ ላይ የሚቀመጥ ስለሆነ በሚገባ ማጠብ ይቀንሰዋል፣ በደንብ ማብሰልም ይገድለዋል። ሁለተኛው ከባድ ብረት ነው። ብረቱን ተክሉ በሥሩ ስቦ ቅጠሉ ውስጥ ስለሚያስገባው ማጠብም ማብሰልም አያወጣውም። ሰላጣና ቆስጣ ደግሞ ካድሚየምን ከሌሎቹ አብልጠው የሚስቡ ናቸው። ስለዚህ የወንዙን ውሃ አፍልተን ወይም አጣርተን እንጠቀም የሚለው መፍትሔ ቢበዛ ለጀርሙ ነው እንጂ ለከባዱ ብረት አይሆንም። ንጹሕ ውሃ ከሌለ መደቡን አጥብቡ።

ቦታ ሲመረጥ

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ጓሮው የሚያገኘው የመጠቀም ፈቃድ ነው እንጂ ባለቤትነት አይደለም። በኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ የጋራ መጠቀሚያውን የሚያስተዳድረው በጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የታወቀው የቤት ባለቤቶች ማኅበር ስለሆነ፣ የመጀመሪያው ሰነድ የማኅበሩ ቃለ ጉባኤ ነው። ቃለ ጉባኤው የቦታውን ወሰን በሜትር፣ የፈቃዱን ዘመንና ቦታው ለሌላ ሥራ ቢፈለግ ከስንት ወር በፊት እንደሚነገር ይጻፍበት። ከግቢ ውጭ ላለ ቦታ፣ ለመንገድ ዳርም ሆነ ለከፍተኛ ኃይል መስመር ሥር፣ ወረዳው በጽሑፍ ሳይፈቅድ አጥር አታጥሩ። በእነዚህ ሰፈሮች ተከራዩ ብዙ ነው፤ ተከራይ በማኅበሩ ጉባኤ ድምፅ ባይኖረውም የጓሮው አባል መሆን እንደሚችል በግልጽ ይስፈር። ብዙ ጊዜ ጠንክሮ የሚሠራው እሱ ነው።

ፀሐይን በተመለከተ አብዛኛው ሰው የሚያየው ክረምት ላይ ያለውን ጥላ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ታኅሣሥ ላይ ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ከፍታው 15 ሜትር ገደማ የሆነ ባለ 4 ፎቅ ብሎክ በዚያ ወር እኩለ ቀን ላይ በስተሰሜኑ ወደ 10 ሜትር የሚጠጋ ጥላ ይጥላል። ሰኔ ላይ ጥላው ወደ ደቡብ ዞሮ 4 ሜትር ገደማ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ሰኔ ላይ ሙሉ ፀሐይ ያየ የሰሜን በኩል መደብ በበጋ ቀኑን ሙሉ ጥላ ውስጥ ሊውል ይችላል። ቅጠላ ቅጠል ከ4 እስከ 5 ሰዓት፣ ቲማቲምና ቃሪያ ከ6 ሰዓት በላይ ፀሐይ ይፈልጋሉ።

ከዚያ ቆፍሩ። በሦስት ቦታ 40 ሴንቲ ሜትር ጉድጓድ አውጡና ምን እንዳለ እዩ። በኮንዶሚኒየም ግቢ ላዩ ላይ የተመለሰ አፈር ሥሩ ብዙ ጊዜ የብሎኬት ስብርባሪ፣ የኖራና የሲሚንቶ ፍርስራሽ ነው። ሲሚንቶ አፈሩን ኖራማ ያደርገዋል፤ ተክሉ ለራሱ የሚያስፈልገውን ብረት (አይረን) መሳብ ያቅተውና ጅማቱ አረንጓዴ እንደሆነ ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል። ይህን ያየ ሰው ማዳበሪያ ይጨምራል፤ ምንም አይለወጥም። መፍትሔው ፍርስራሹን ማውጣት ነው። የፍሳሽ ማንሆልና መስመሩ በየት እንደሚያልፉ ጠይቁ፤ ከዚያ በ3 ሜትር ውስጥ መደብ አታውጡ። ጋራዥ፣ የባትሪ ወይም የቀለም መሸጫ የነበረበት ቦታ ከሆነ አፈሩን ጨርሶ አትመኑት፤ ከውጭ የመጣ ንጹሕ አፈር በጆንያ ሞልታችሁ ትከሉ።

መረሬና ቀይ አፈር

የከተማው ደቡብና ምሥራቅ ዳርቻ፣ አቃቂ ቃሊቲ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ቦሌ አራብሳ፣ በብዛት መረሬ፣ ማለትም ጥቁር ሸክላማ አፈር ነው። ወደ እንጦጦ ግርጌ ሲወጣ ቀይ አፈር ይበዛል። ሁለቱ በአንድ ምክር አይለሙም።

መረሬ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ለመቆፈር የሚመቸው ጊዜ አጭር ነው። እርጥቡን ከቆፈሩት ጓል ሆኖ ይደርቃል፤ ደረቁን ደግሞ ዶማ አይበሳውም። አንድ እፍኝ አፈር ጨብጣችሁ ስትከፍቱት ሳይጣበቅ ከተፈረፈረ ያን ቀን ቆፍሩ። ክረምት ላይ ችግሩ የውሃ መተኛት ነው፤ ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል፣ ቅጠሉም ወደ ሐምራዊ ያደላል። መደቡ 1.2 ሜትር ስፋት፣ ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ይኑረው፤ በመደቦቹ መካከል 40 ሴንቲ ሜትር ቦይ ይውጣ፣ ቦዮቹም ሁሉ ወደ አንድ መውረጃ ያዘንብሉ። መውረጃ የሌለው ቦይ ኩሬ ነው። 1.2 ሜትር የተባለው ሰው ከሁለቱም በኩል እጁን ዘርግቶ መካከሉን እንዲደርስና ማንም መደቡን እንዳይረግጥ ነው፤ አንዴ የተረገጠ እርጥብ መረሬ ለወቅቱ ሙሉ አይላላም። ጥቅምት ላይ ከፍታውን ወደ 10 ሴንቲ ሜትር አውርዱት። በበጋ ከፍ ያለ መደብ ውሃ በጎኑ ያፈሳል፣ ቶሎም ይደርቃል።

ቀይ አፈር ውሃ አይተኛበትም፤ ግን አሲዳማ ስለሚሆን ፎስፈረሱን ይይዝበታል። በካሬ ሜትር አንድ ሁለት እፍኝ የማገዶ አመድ ለዚህ አፈር ይጠቅማል። መረሬ ላይ ግን አመድ አትበትኑ፤ አያስፈልገውም፣ ሲበዛም ይጎዳል። የፕላስቲክና የቀለም ቅብ እንጨት የተቃጠለበት አመድ ለየትኛውም አይሆንም።

ሁለቱንም የሚያድነው ኮምፖስት ነው። በየወቅቱ ለአንድ ካሬ ሜትር 2 ባልዲ፣ ማለትም 20 ሊትር ይጨመር። ለ100 ካሬ ሜትር ይህ 2 ሜትር ኪዩብ የበሰለ ኮምፖስት ነው፤ ክምሩ ሲበስል ወደ ግማሹና ከዚያም በታች ስለሚወርድ ከ4 እስከ 6 ሜትር ኪዩብ ጥሬ ነገር ይጠይቃል። የሃያ ቤት የአትክልት ልጣጭ ብቻውን ይህን አያሟላም። ጭድ፣ የታጨደ ሣር፣ ከዳር ካሉ ገበሬዎች የሚገኝ ፍግ፣ ከቡና ቤቶች የሚሰበሰብ የቡና አተላ መጨመር አለበት።

አከማመሩ እንዲህ ነው። 15 ሴንቲ ሜትር ደረቅ፣ በላዩ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር እርጥብ፣ በላዩ ስስ ፍግ ወይም አፈር፤ እያንዳንዱ ንብብር ውሃ ይርከፈከፍበት። ክምሩ በሁሉም በኩል ቢያንስ 1 ሜትር ይሁን፤ ከዚያ ያነሰ ሙቀት አይይዝም። መሀሉ ላይ ዱላ ሰክታችሁ በሳምንቱ አውጡት። የሚሞቅና የሚረጥብ ከሆነ እየሠራ ነው። ቀዝቃዛና ደረቅ ከሆነ ውሃ፣ የሚሸት ከሆነ ጭድ ጎድሎታል። በየሦስት ሳምንቱ ሲገለበጥ በዚህ የአየር ጠባይ ከ3 እስከ 4 ወር ይፈጃል። የባሕር ዛፍ ቅጠል አትጨምሩ፤ ቶሎ አይበሰብስም፣ ችግኝንም ያቀጭጫል። ሥጋ፣ አጥንትና ዘይት የነካው ምግብ ዳርቻ ላይ አይጥና ውሻ ብቻ ሳይሆን ጅብም ይጠራል፤ አጥር የሚፈርሰው በዚያ ነው። ትኩስ ፍግ በቀጥታ መደብ ላይ አይገባም፤ ሥር ያቃጥላል፣ ጥሬ በሚበላ ቅጠል ላይም በሽታ ያመጣል።

ምን፣ መቼ

በዚህ ረገድ ብዙ መመራመር አያሻም፤ የሰፈሩ ሰው የሚበላውን ትከሉ። ጎመን በ40 ሴንቲ ሜትር፣ ቆስጣና ሰላጣ በ30፣ ጥቅል ጎመን በ45 ርቀት ይተከላሉ። ካሮትና ቀይ ሥር ሳይዛወሩ በመስመር ይዘራሉ፤ መስመሩ 25 ሴንቲ ሜትር ይራራቃል፣ ከበቀሉ በኋላ ካሮት ወደ 5፣ ቀይ ሥር ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ይሳሳል። ሳያሳሱ የተዉት ካሮት ቅጠል እንጂ ሥር አይሰጥም። የካሮት ዘር እስኪበቅል ሁለት ሳምንት ሊቆይ ይችላል፤ በእነዚያ ቀናት አፈሩ አንዴ ከደረቀና ቅርፊት ከሠራ አይወጣም። ስስ ጭድ አልብሱት፣ ብቅ ሲል አንሡለት። መረሬ ላይ የካሮት ሥር ስለሚከፋፈል አሸዋና ኮምፖስት የበዛበት ከፍ ያለ መደብ ምረጡለት።

ሐምሌና ነሐሴ ሜዳ ላይ ቲማቲም አትትከሉ። ሌት ብላይት የሚባለው በሽታ ቅዝቃዜና እርጥበት ሲገጥመው ቅጠሉን በቀናት ውስጥ ያጠቁረዋል። ድንች ካማራችሁ እንደ ጉዳኔና በለጠ ያሉትን ይህን በሽታ ሻል አድርገው የሚቋቋሙ ዝርያዎች ፈልጉ። ከኅዳር እስከ ጥር ደግሞ ጠላቱ ውርጭ ነው። ሰማዩ ጥርት ባለና ነፋስ በሌለበት ሌሊት ቀዝቃዛ አየር ወደ ረባዳው ይወርዳል፤ ቃሪያ፣ ቲማቲም፣ ድንችና ፎሶሊያ ይቃጠላሉ። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ካሮትና ነጭ ሽንኩርት ግን ይችሉታል።

በበጋ ትልቁ ፈላጊ የዐቢይ ጾም ነው። ጾሙ 55 ቀን ነው፣ የሚገባውም በየካቲት ወይም በመጋቢት መጀመሪያ ነው። ጎመን ችግኝ ለመሆን 5 ሳምንት፣ ከተዛወረ በኋላ ለመቆረጥ 7 ወይም 8 ሳምንት ይወስዳል። ስለዚህ ዘሩ ኅዳር መጀመሪያ ላይ ማፍያ ይግባ፣ ችግኙ ታኅሣሥ አጋማሽ ሳያልፍ ይዛወር። ይህ ደግሞ ውሃው የሚያንስበት ወቅት ነው። ስለዚህ ታኅሣሥ ላይ ከመደቡ አንድ ሦስተኛውን በጭድ ሸፍኖ ማሳረፍና ውሃውን ለጾም ጎመን መስጠት ከሁሉም የተሻለ ውሳኔ ነው። ሁሉንም መደብ ለማዳን የሚሞክር ጓሮ ሁሉንም ያከሳል።

ስለ ተባይ ሁለት ነገር ይበቃል። በበጋ የጎመን ቅጠል ሥር የሚነባበረውን ክሽክሽ (አፊድ)፣ በ1 ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና አሟሙታችሁ ማምሻውን የቅጠሉን ሥር እርጩት፤ ከ4 ቀን በኋላ ድገሙት። ሁለተኛው የበለጠ ከባድ ነው። የነጭ ሽንኩርት ነጭ አበስብስ የሚባለው በሽታ አፈር ውስጥ ከገባ 20 ዓመት ሊቆይ ይችላል። አንድ አባል ከገበያ ባመጣው አንድ የታመመ ራስ የሁሉም መሬት ይያዛል። ሥሩ ላይ ነጭ ሻጋታና ከሰናፍጭ ፍሬ ያነሱ ደቃቅ ጥቁር ነጥቦች ያለበት ተክል ከነአፈሩ ይነቀልና ይቃጠል፤ ኮምፖስት ውስጥ ከቶ አይግባ። የነጭ ሽንኩርት ዘር በጋራ ተገዝቶ በጋራ ታይቶ እንጂ በግል አይተከል።

ጉልበትና ስምምነት

100 ካሬ ሜትር በ10 ሊትር ማጠጫ ለማጠጣት 40 ምልልስ፣ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በሳምንት 7 ሰዓት ነው። አረም፣ ኩትኳቶና ኮምፖስት ማገላበጥ 4 ሰዓት ቢጨመሩ 11 ሰዓት ይሆናል። ለ15 ሰው ሲከፋፈል በሳምንት 45 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ይህን ማንም ይችለዋል። ለ5 ሰው ሲሆን ግን ከሁለት ሰዓት ያልፋል፤ አምስቱም ይሰለቻሉ። ዕቅድ ስታወጡ ከተመዘገበው ግማሹን ብቻ እንደሚሠራ ቁጠሩ። 15 ሠራተኛ ለማግኘት 30 ስም ያስፈልጋል።

አደረጃጀቱን ከእድር ተዋሱ፤ ሰዉ ሁሉ ያውቀዋል። ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ተቆጣጣሪ ይኖራሉ፤ ወርሃዊ መዋጮ፣ የቀረ የሚቀጣበት ደንብም አለ። አንድ ልዩነት ግን አለ። እድር ላይ የቀረን ሰው በገንዘብ መቅጣት ይሠራል፤ ጓሮ ላይ ግን ገንዘብ የደረቀውን ችግኝ አያድነውም። ስለዚህ ደንቡ ቅጣቱን ሳይሆን ተተኪውን ያስቀድም። እያንዳንዱ ተረኛ የተጻፈ ተጠባባቂ ይኑረው፤ የማይመቸው ሰው ለተጠባባቂው ከአንድ ቀን በፊት ይንገር። ሳይናገር የቀረ በቀጣዩ ሳምንት ሁለት ተራ ይይዛል። ሦስት ጊዜ ከደጋገመ መደቡ ለተራ ጠባቂ ይሰጣል። አዛውንትና አካል ጉዳተኛ አባላት ችግኝ ማፍያውን፣ መዝገቡን፣ ዘር ማጽዳቱን ይይዛሉ፤ እነዚህ ሥራዎች ሲጓደሉ ጓሮው እንደሚቆም ሁሉም ይወቅ።

መደቡ ሁሉ የጋራ ይሁን ወይስ ለየቤቱ ይከፋፈል የሚለው ክርክር ረጅም ነው። ሁሉም የጋራ ሲሆን የትጉሁ ድካም ለሰነፉ ይሆናል፤ ሁሉም የግል ሲሆን ደግሞ ቦዩን የሚጠርግ፣ አጥሩን የሚጠግን ይጠፋል። የሚዘልቀው ቅይጡ ነው። ለእያንዳንዱ ንቁ ቤተሰብ ከ4 እስከ 5 ካሬ ሜትር ይሰጥ፤ ከጠቅላላው ሩቡ የጋራ መደብ ሆኖ ጎመንና ቆስጣ ይልማበት። ከዚያ የሚገኘው ለሐዘን ቤት፣ ለአራስ ቤት፣ ለታመመ ጎረቤት ይውላል፤ የተረፈው ተሸጦ ለውሃ ክፍያ ይሆናል። የጋራው መደብ ቆረጣ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሁለት ሰው ባለበት ይሁን። ከአንድ የጎመን እግር የታችኞቹ ቅጠሎች ብቻ ይቆረጣሉ፣ አናቱ ላይ ከ5 ያላነሱ ቅጠሎች ይቀራሉ። አናቱ የተቀነጠሰ ጎመን ለሳምንታት አያገግምም።

የፀረ ተባይ መድኃኒት በግል መርጨት በደንቡ ይከልከል። አንዱ መደቡ ላይ ሲረጭ ነፋሱ ለሌላው ያደርሰዋል፤ ያ ሰው በማግስቱ ቆርጦ ለልጆቹ ያበስላል። የግድ ከሆነ በኮሚቴው ውሳኔ፣ ቀኑና የመድኃኒቱ ስም በሰሌዳ ተጽፎ፣ መለያው ላይ የተጻፈው የመቆያ ቀን እስኪያልፍ ቆረጣው ተዘግቶ ይሁን።

ገንዘቡ ላይ ሁለት ፊርማ፣ ለእያንዳንዱ ግዢ ደረሰኝ፣ በየሦስት ወሩ በሰሌዳ የሚለጠፍ ሒሳብ ይኑር። መዋጮው ትንሽ ቢሆንም ይህ አይታለፍ። የጋራ መሣሪያዎች፣ ዶማ፣ አካፋ፣ መኮትኮቻ፣ ማጭድ፣ ማጠጫ፣ የእጅ ጋሪ፣ ቁጥር ይጻፍባቸውና የወሰደ ይፈርም።

መጨረሻ ላይ ቦታው ሲለቀቅ የሚሆነውንም ከወዲሁ ጻፉ። ፈቃዱ ሲነሳ ሮቶው፣ ቆጡ፣ ቱቦውና አጥሩ የጓሮው ንብረት ስለሆኑ ይነቀላሉ። ስለዚህ ከመጀመሪያው የሚፈታና የሚነቀል ይሁኑ፤ ከሮቶው ቆጥ በቀር በሲሚንቶ የሚታሰር ነገር አይኑር፣ ቆጡም የሚፈታ የብረት ቢሆን ይመረጣል። ሌላ ቦታ በ6 ወር ውስጥ ካልተገኘ ንብረቱ ተሸጦ፣ የውሃ ዕዳ ከተከፈለ በኋላ ቀሪው በመዋጮ መዝገቡ መሠረት ላዋጡት ይከፋፈላል። ተከራይ ሆኖ ከሰፈሩ የለቀቀ አባል የቆመ ሰብሉን በአንድ ወር ውስጥ ይሰበስባል፤ መደቡ ለቀጣዩ ተራ ጠባቂ ያልፋል።